በወገቤ ምክንያት ላሰናበቱኝ ለሻምበል ብሥራት

ለክቡር ሻምበል ብሥራት ተክለሃይማኖት
የከባድ መኪና ጥገና ክፍል አዛዥ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ሰነበቱ? የእናትዎ የእትዬ ካሰች ጉልበትስ ተሻለው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የወንድሜ የኪራኮስ ቤት፣ ከመሬት በታች ባለች፣ መስኮቷ የጎረቤትን መኪና ጎማ ብቻ በምታሳይ ክፍል ተቀምጬ፣ እርስዎ ሲመኙልኝ እንደኖሩት እየከሳሁ፣ ደህና ነኝ።

ለአንድ መኮንን የሚጻፍ ነገር በጋዜጣ መውጣቱ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ስልክ ደወልኩ፣ አላነሱም፤ ኢሜይል ላክሁ፣ አልመለሱም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጠበቅሁዎት፣ እሱን ከታች እተርከዋለሁ። አባቴ ሙላቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዲቪ ደርሶት ሁለት ልጆቹን ይዞ አሌክሳንድሪያ ከመግባቱ በፊት፣ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ አቤቱታ ይጽፍ ነበር። "ባለሥልጣንን ስትከሺ መጀመሪያ አመስግኚው፤ የተመሰገነበትን ወረቀት ቀድዶ አይጥልም" ይለኝ ነበር። እኔም የአባቴን ምክር አክብሬ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የአገር ልጅ አለቃ ስለሆኑኝ አመሰግናለሁ። አንባቢ እንዲያውቀው፣ እኔ ኤፍራታ ሙላቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የከባድ መኪና ጠጋኝ ነበርኩ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስቀይር ቆይቼ በራሴ ፈቃድ ነው የተመዘገብኩት፤ ሥራዬንም እወደው ነበር። ሳጅን ሆኜ፣ ከሥሬ ወታደሮች ተሰጥተውኝ፣ የጋራዡ ትልቅ በር ጠዋት ጠዋት በሰንሰለት ሲከፈት ወደ ገዛ ቤቴ እንደምገባ ነበር የሚሰማኝ። እርስዎ አዛዥ ሆነው የመጡ ዕለት ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። የአባትዎ ስም በደረትዎ ላይ ያለው ጠባብ ጨርቅ አልበቃው ብሎ፣ ፊደላቱ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጠጋግተው ሳይ ሳቄ መጣ፤ ወታደሮቹም ስሙ ለምላሳቸው ከብዷቸው "ካፕቴን ቲ" አሉዎት። በማግስቱ "እንደምን አደሩ፣ ሻምበል" ብዬ በአማርኛ ሰላም ብልዎት፣ ግራና ቀኝ አየት አድርገው "ጉድ ሞርኒንግ፣ ሳርጀንት" አሉኝና አለፉ። አድልዎ የማያውቁ አለቃ መሆንዎን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ረዳትዎ ፈርስት ሳጅን ፍሬዘር እንኳ፣ ስሙን ስሰማ የአገሬ ልጅ መስሎኝ የቴክሳስ ሰው ሆኖ ያገኘሁት፣ "ሰላም ነው?" ማለትን ከእኔ ተምሮ ነበር።

ሁለተኛ፦ ሰውነቴን ከራሴ አብልጠው ስለተከታተሉልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ከሁለት ወታደሮች ጋር የከባድ መኪና ጎማ ስናነሳ የአንደኛው እጅ አዳለጠውና ጎማው እኔ ላይ አረፈ፤ ወገቤ ውስጥም የሆነ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። የጦር ሰፈሩ ዶክተር፣ ሳቋ የማይጠፋ ሴት፣ እንዳልሮጥ፣ እንዳልዘል፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ የሚያግድ ወረቀት ጻፈችልኝ። ለተጎዳው ነርቭም ክኒን አዘዘችልኝና "ይህ ክኒን ምግብ ምግብ ያሰኝሻል፣ ትንሽም ትወፍሪያለሽ፤ አትደንግጪ" አለችኝ። እኔም አልደነገጥኩም። መደንገጥ ያለበት ሌላ ሰው መኖሩን አላወቅሁም ነበር።

ሰውነቴ እንደ ቡሖ ኩፍ አለ። የአሌክሳንድሪያው ደብራችን እናቶች "እሰይ! ወፈር አልሽ! አሁን ገና ሰው መሰልሽ" እያሉ ጉንጬን ይስሙት ጀመር፤ እናትዎ እትዬ ካሰችም በሁለት እጃቸው ክንዴን ጨብጠው "አሜሪካ አሁን ተስማማሽ ልጄ" ብለው መርቀውኛል። እሁድ የሚያስመርቀኝ ሥጋ ሰኞ ሲነጋ ወንጀል ይሆን ነበር። የሠራዊቱ ሕግ፣ ለማያውቀው ሰው፣ እንዲህ ነው፤ ከቁመትሽ ጋር ተመዝኖ ክብደትሽ ከተፈቀደው ካለፈ፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ይመጣና እምብርትሽ ላይ ይዞራል፤ በሜትሩም ካለፍሽ፣ መቀነስሽ በየወሩ እየታየ በልዩ ክትትል ሥር ትሆኛለሽ። እኔም ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ አለፍኩ። ሜትሩ ዞረ፤ አለፍኩ። በሕይወቴ ሁሉ ፈተና ባለፍኩ ቁጥር ሰው እልል ሲልልኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ፍሬዘር በረጅሙ ተንፍሶ ወደ ጣራው አየ።

ሦስተኛ፦ መንገዱን በግልጽ ስላመለከቱኝ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ አስጠርተውኝ፣ በር ዘግተው፣ "ሳጅን፣ በየወሩ መቀነስ አለብሽ፤ እስከዚያ ድረስ የማዕረግ ዕድገትሽም፣ ልትሄጂበት የነበረው ትምህርትም ታግዷል" አሉኝ።

"በምን ልቀንስ፣ ሰር?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ሩጪ።"

"ዶክተሯ አትሩጪ ብላኛለች።"

"እንግዲያው አትሩጪ።"

"ታዲያ በምን ልቀንስ?"

"እሱ የግል ኃላፊነትሽ ነው" አሉኝ፤ በዚህም ንግግራችን በመግባባት ተጠናቀቀ።

ከእርስዎ ቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ዶክተሯ ሄድኩና ክኒኑን ልተወው ወይ አልኳት። "ከተውሽው ወገብሽ ይቆለፋል" አለች። "ካልተውኩትስ?" አልኳት። ሳቋ ጠፍቶ "አዝናለሁ" አለችኝ። ክብደቱ የመጣው በመድኃኒቱ እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ይዤልዎት መጣሁ። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡትና "ይሄ ሕመምሽን ያስረዳል እንጂ ወገብሽን አያጠብም" ብለው መለሱልኝ። እውነትዎን ነበር። ወረቀት ወገብ አጥብቦ አያውቅም። ሲያሰፋ ግን አይቻለሁ።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ጫማዎ ነው። ክኒኑን በገዛ ፈቃዴ ተውኩት፤ ጥቅል ጎመንና ውኃ ብቻ እየቀመስኩ ሥራ መግባት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ፣ እኔ የምበላው ስላልነበረኝ፣ ባለጎማ ሰሌዳ ላይ ተጋድሜ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቼ እሠራ ነበር። እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ወገቤ ተቆለፈ። መፍቻው በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞር አቃተኝ፤ እግሬን ልስበው ብል እግሬ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ከፊቴ አንድ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ብረት፣ ከጀርባዬ ሲሚንቶ። ከብረቱ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ጉንጬ ላይ ይወርድ ነበር፤ ልጠርገው አልቻልኩም። ልጮህ ስል ትንፋሼን መሳቡ ራሱ ወገቤን ወጋኝ። እዚያ ሆኜ ያሰብኩት ስለ ሞት አይደለም፤ ስለ ሜትሩ ነው። "ከዚህ ካላወጡኝ ማንም አይለካኝም" ብዬ አሰብኩና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጫማዎ መጣ። በስልክ እያወሩ በአጠገቤ አለፉ፤ ተመለሱ፤ እንደገና አለፉ። ባለኝ ትንፋሽ "ሰር!" አልኩ። ጫማው ቆመ።

"ማነው?"

"ኤፍራታ ነኝ። መውጣት አልቻልኩም።"

ጎንበስ ብለው አዩኝ። ፊትዎ ተገልብጦ ታየኝ፤ ደንግጠው ነበር፤ ያን ድንጋጤዎን ዛሬም ሳልጠራጠር አምነዋለሁ። ሮጠው ፍሬዘርን ጠሩትና በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ለዚህ ያለ አንዳች አሽሙር አመሰግንዎታለሁ። አሽሙሩ የሚጀምረው ከሦስት ቀን በኋላ፣ የታዘዘልኝን መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አቋርጠሻል የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በስምዎ ተፈርሞ ሲደርሰኝ ነው። ክኒኑን ስውጥ ስለመወፈሬ፣ ክኒኑን ስተው ስላለመታዘዜ ተጻፈብኝ። በሁለቱም በኩል ስላልረሱኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አምስተኛውን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። የመጨረሻው ልኬት ሊደረግ አንድ ቅዳሜ ሲቀረው፣ ወታደር ሁሉ የሚያውቀውን ማንም የማያወራውን ዘዴ ልሞክር ወሰንኩ። አንባቢ ምግብ ላይ ካሉ ይቅርታ፤ ሆድን የኪንታሮት ቅባት ቀብቶ፣ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ደራርቦ ጠምጥሞ፣ ወገብ በላብ እንዲጠብ በእንፋሎት መቀቀል ነው። አናንዴል ወዳለ አንድ የኮሪያዎች የእንፋሎት ቤት ሄድኩ። ሴቱም ወንዱም እዚያ የሚሰጠውን አንድ ዓይነት ብርቱካንማ ቲሸርትና ቁምጣ ለብሶ በየሙቅ ክፍሉ ይጋደማል። እኔም ከሁሉም የሚፋጀውን ክፍል መርጬ፣ ላስቲኬን ታጥቄ፣ ጥጉን ይዤ ተቀመጥኩ።

የሚንኮሻኮሸው በትንፋሼ የራሴ ላስቲክ መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሼን ብይዝም መንኮሻኮሹ አልቆመም። ዞር ስል፣ ሻምበል፣ እርስዎ ነበሩ። ከብርቱካንማው ቲሸርት ሥር ከብብትዎ እስከ እምብርትዎ ተጠቅልለው፣ ፊትዎ ቲማቲም መስሎ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁለታችንም መነሳት ፈለግን፤ አቅም ግን አልነበረንም። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ያናገሩኝ።

"እህቴ" አሉኝ፤ "እባክሽ እዚህ አላየሽኝም።"

"እርስዎም አላዩኝም" አልኩ።

እንዲህ ተባባልን። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቅዎት፣ ከመቶ አለቅነትዎ ጀምሮ እያንዳንዱ ልኬት ሲቃረብ እዚህ እንደሚመጡ፣ ከሳምንት በፊት እህል ማቆምዎን፣ ስማችሁ እንግዳ የሆነ መኮንኖች ትንሿ ስህተት እንደማትታለፍላችሁ፣ ትንሽ በሚሰባበር ግን በሚጣፍጥ አማርኛ ነገሩኝ። ስንወጣ የእንፋሎት ቤቱ ሱቅ በሙቀት የተጋገረ እንቁላል ይሸጥ ነበር። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ሁለታችንም አልገዛንም። ያን ዕለት፣ ሻምበል፣ ወንድም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እየነዳሁ ስመለስ "ይህ ሰው አይጥለኝም" ብዬ ዘፈን ከፈትኩ።

ሰኞ ተለካን። እርስዎ አለፉ። እንኳን ደስ አለዎት። እኔን የለካችኝ የፍሬን ሥራ ያስተማርኳት ወታደር ነበረች፤ ሜትሩን ደጋግማ አዞረችው፤ ቀና ብላ ፍሬዘርን አየችው፤ ፍሬዘር እርስዎን አየ፤ እርስዎ ወረቀቱን አዩ። የአንድ ጣት ስፋት ተርፎኝ ነበር። ልጅቷ "አይ አም ሶሪ፣ ሳርጀንት" ብላ አለቀሰች። እርስዎም "ምንም ማድረግ አይቻልም" አሉ፤ በእንግሊዝኛ።

ስድስተኛ፦ ስለ ስንብቴ። ወደ ቢሮዎ ጠርተውኝ የስንብቱን ወረቀት አነበቡልኝና እንደ ደንቡ "የምትናገሪው ነገር አለ?" ብለው ጠየቁኝ። "አለ" አልኩና ቀና አልኩ። ፊትዎ ነጣ፤ እስክሪብቶዎን አስቀመጡ። ምን ሊወጣ እንደሚችል ሁለታችንም አውቀን ነበር። የአናንዴሉን ብናገር ግን የእኔ ወገብ በአንድ ጣት አይቀንስም፤ የእርስዎ ልጆች ብቻ የማያውቁት ችግር ይመጣባቸዋል። ስለዚህ "በግራ በኩል የቆመው መኪና የፍሬን ቧንቧው ተቀይሮ አልጠበቀም፤ ሳይጠብቅ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው" አልኩዎት። "ታንክ ዩ፣ ሳርጀንት" አሉና ፈረሙ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፍቶብኛልና ዝም ብዬ ልቀጥል። በጦር ሰፈሩ ውስጥ የነበረኝን ቤት አስረክቤ ወንድሜ ጋ ገባሁ። የሠራዊቱ የመሰናበቻ ወረቀት፣ ላልያዘው ሰው፣ እዚህ አገር ከመታወቂያ በላይ ነው፤ ሥራ ሲጠየቅ ይታያል፣ ቤት ሲከራዩ ይታያል። "በክብር ተሰናብታለች" የሚል አለበት፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ምክንያቱ "ክብደትን መቆጣጠር አለመቻል" ይላል። ያችን መስመር ያነበበ ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ ሆዴ ይወርዳል። ፌርፋክስ ውስጥ ለጥበቃ ሥራ ያነጋገረኝ ሰውዬ እንኳ፣ ወንበሩ እሱን ችሎ መቆሙ የሚገርም ሰውዬ፣ አንብቦ ሲያበቃ ከጠረጴዛው በላይ ተንጠራርቶ አየኝ።

እንግዲህ የሚያስቀው መጣ። ከወጣሁ በኋላ ሌላ ሐኪም ክኒኑን ቀስ በቀስ አስቆመኝ፤ ወገቤም በሕክምና እየተፍታታ ሄደ፤ ሥጋውም ማንም ሳይለካው፣ ማንም ሳይቆጣው፣ በራሱ ጊዜ ሄደ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የምልመላ ቢሮ ገብቼ መመለስ እፈልጋለሁ አልኩ። መዘኑኝ፤ ደህና ሆንኩ። ለኩኝ፤ ደህና ሆንኩ። ነገር ግን በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሰው ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ የመጨረሻው አዛዥ የድጋፍ ቃል ቢኖር ይሻላል ተባልኩ። ከእርስዎ የምፈልገው ይህን ብቻ ነበር፤ "ይህች ሳጅን ሥራዋን ታውቅ ነበር" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር።

ኪራኮስ "ኮል አድርጊለት፤ ካላነሳ ቤተ ክርስቲያን ያዢው፤ እዚያ የት ይሄዳል?" አለኝ። እውነትም ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ጠበቅሁዎት። ሲያዩኝ እናትዎን በክንዳቸው ይዘው በመሐላችን አስገቧቸው። እትዬ ካሰች ግን ማንን እንደሚጋርዱ መቼ አወቁ? ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ዕንባ አቅርረው፣

"ምነው ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ያ ሁሉ ሰውነትሽ የት ሄደ? ብሥራት፣ ይህችን ልጅ አሟታል እንዴ?" አሉ።

እርስዎም "ሺ ኢዝ ፋይን፣ ማም" አሏቸው።

"ምን ፋይን አለ! አላየሃትም?"

"አይቻታለሁ" አሉ፤ በአማርኛ፤ ከዚያም መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሟል ብለው እናትዎን ይዘው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በመወፈሬ ያባረሩኝ ሰው እናት በመክሳቴ አልቅሰውልኝ ሲሄዱ፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ጠፍቶኝ፣ ሰው እስኪበተን ድረስ የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር ቆየሁ።

ከእርስዎ መልስ ስጠብቅ ሌላ ስልክ ተደወለልኝ። ለሠራዊቱ በኮንትራት ሠራተኛ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት፣ ከባድ መኪና የሚያውቅ ሰው ቸግሮታል። አድራሻውን ሲነግሩኝ ስልኩን ይዤ ሳቅሁ። የእርስዎ ጋራዥ ነበር። ሲቪል ሠራተኛ አይመዘንም፤ ሲቪል ሠራተኛ አይለካም፤ ሲቪል እንደ ዝሆን ቢወፍር የፍሬን ቧንቧ ቅር አይለውም። እምቢ ልል አሰብኩ፤ ኪራኮስ ግን "የትም ብትሄጂ ያችን ወረቀት ማሳየትሽ አይቀርም፤ እዚያ ቢያንስ ያውቁሻል" አለኝ። ስለዚህ ገባሁ። ያው በር፣ ያው ሰንሰለት፣ ያው መፍቻ። በፊት ያሠለጠንኳቸው ወታደሮች "ሳርጀንት" ሊሉኝ ይጀምሩና አፋቸውን ይዘው "ማዳም" ይላሉ። እኔም ሠላምታ ልሰጥ እጄ ወደ ግንባሬ ይነሳና ፀጉሬን የማስተካክል መስዬ አወርደዋለሁ። እርስዎ በአጠገቤ ሲያልፉ "ጉድ ሞርኒንግ፣ ማም" ይሉኛል፤ የሚያዩት ግን መኪናውን ነው። ለእናትዎ የሚሉትን ስም ለእኔ መስጠትዎ ክብር ነው፤ የእኔን ስም ግን ያጡት መሰለኝ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ተባረርኩ እንዳልል ከማንም ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ፤ ተመለስኩ እንዳልል ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ከአጥር ውጪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ክፍላችሁ በመኪና ጥገና ከሁሉም በልጦ ተሸለመ። ወታደሮቹ ተሰለፉ፤ ኮሎኔሉ መጡ፤ ደረትዎ ላይ ሜዳሊያ ተደረገ። እኛ ሲቪሎች ከኋላ፣ ከማቀዝቀዣ ማሽኑ አጠገብ እንድንቆም ተደርገን አጨበጨብን። እርስዎም "ይህ የእኔ አይደለም፤ እዚህ ፊቴ የቆሙት ወታደሮች ነው" ብለው ተናገሩ። ግሩም ንግግር ነበር። እኔ ፊትዎ አልቆምኩም ነበርና አልተካተትኩም። እጄን ግን እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ከዚያም ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ክቡር ሻምበል፣ ይህ ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ያችን ዓረፍተ ነገር እንደማይጽፉልኝ አውቃለሁ። በሩን በገዛ እጄ እየዘጋሁት ነው። ኪራኮስም ሳነብለት "አብደሻል? ሥራሽንም ታጫለሽ" ብሎኛል። ይሆናል። ነገር ግን ከእርስዎ ዓረፍተ ነገር ጠብቄ፣ ከእርስዎ በታች ሠርቼ፣ ለእርስዎ አጨብጭቤ፣ የእርስዎንም ምስጢር ይዤ መኖር ከዚያ መኪና ሥር ከመተኛት ይበልጥ ጠበበኝ። ያን ጊዜ ቢያንስ የምጣራው ሰው ነበረኝ። ሜትር እንዲዞርብዎት አልመኝም፤ በልጆችዎ እምላለሁ፣ አልመኝም። አንድ ሰው ብቻ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ አብሮኝ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ያየውን እንዳላየ ባይሆን ብዬ ነበር።

ዕድሜና ማዕረግ እየተጨመረልዎት፣ ሚዛንም ሜትርም የማይደርስበት ወንበር ላይ እስኪቀመጡ ድረስ እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅዎት እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከሠራዊቱ የተሰናበተችው፣ ከጋራዡ ያልተሰናበተችው፣
ኤፍራታ ሙላቱ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ተጨማሪ፦ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ መጻፍ ሳልችል ቀርቼ አይደለም። እርስዎ በሕፃንነትዎ ስለመጡ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ፊደል እንደማያነቡ አውቃለሁ። ስለዚህ እትዬ ካሰች ያነቡልዎታል፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንድም መስመር ሳይዘሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። አናንዴል የሚለው ጋ ሲደርሱ ምናልባት ቆም ይላሉ፤ አያቋርጧቸው። አንብበው ሲጨርሱም ምሳ ያቀርቡልዎታል፣ እናት ናቸውና። እባክዎ ይብሉላቸው።